አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የደኅንነት መለማመጃ ላብ መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ 2018፤ ያለው ዕቃ

የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የኢንፎርሜሽን ደኅንነት መግቢያ ኮርስ አለን። ስላይዱ ላይ ምስጢራዊነት፣ ምሉዕነት እና ተደራሽነት የሚሉ ሦስት ቃላት በሦስት ማዕዘን ተሥለው ተቀምጠዋል። ለፈተና ይበቃሉ፤ እጅን ለማፍታታት ግን አይሆኑም። ስለዚህ በራሴ ላፕቶፕ ላይ መለማመጃ ላብ ልሠራ ነው፤ የሚበላሸውንም የሚስተካከለውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከሶኬት ሲነቀል ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል። (ይህ ነገር በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።)

ዕቅዱ ቨርቹዋልቦክስን ጭኖ በውስጡ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ፣ በላፕቶፑ ውስጥ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) ማስነሣት ነው። አንዱ የመፈተሻ መሣሪያዎች ተጭነውበት የሚመጣው ካሊ ሊኑክስ፣ ሌላው ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላው ሜታስፕሎይተብል 2። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ፤ ወጪው ኢንተርኔት ላይ ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ፤ ካሊን ማግኘት

ለቨርቹዋልቦክስ የተዘጋጀው የካሊ ፋይል ታምቆ እንኳ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሞባይል ጥቅል ማውረድ የማይታሰብ ሆነብኝ፣ የላይብረሪው ዋይፋይ ደግሞ መሃል ላይ ይቆራረጣል። አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ በፍላሽ አለኝ አለ። ወሰድኩት።

እዚህ ላይ ኮርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ግቢ ውስጥ ሶፍትዌር የሚዞረው ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነው፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ ምን እንደገጠመው ማንም አያውቅም። ሆኖም የፋይሉን ሻ256 ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ይዘቱ ጥቂት ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ አሻራ) አስልቶ ከካሊ ድረ ገጽ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማመሳከር ይቻላል። ሃሹ 64 ፊደልና አኃዝ ብቻ ስለሆነ ገጹን መክፈት የሚፈጀው ዳታ ከምንም አይቆጠርም። ዊንዶውስ ላይ ለማስላት ሰርትዩቲል የሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም።

አሰላሁት፤ አልገጠመም። ሰጪውን መጠርጠር ከመጀመሬ በፊት የድሮ ልቀቶች የሚቀመጡበትን ገጽ ከፈትኩና ቁጥሩን በየልቀቱ ፈለግኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከወጣው ልቀት ጋር ከፊደል እስከ ፊደል ገጠመ። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የሆነ ሰው ስሙን ቀይሮት እንጂ። ፋይሉን ከማንም እጅ መውሰድ ይቻላል፣ ሃሹን ግን ከምንጩ ብቻ። ፋይሉን የሰጠኝ ሰው ሃሹንም ጽፎ ቢሰጠኝ ኖሮ ምንም አላረጋገጥኩም ነበር።

አስነሣ ብለው ቨርቹዋልቦክስ ቪቲኤክስ (ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድበት ችሎታ) በባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ ቅንብር፣ ተዘግቷል የሚል መልእክት አወጣ። ማሽኑ ሲነሣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን መክፈት ነው። ከዚያ ዳግም ማስነሣት ብቻ አልበቃም፤ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ገመዱን ነቅዬ ሳስነሣው ሠራ።

ቀጥሎ የካሊን የሶፍትዌር ጥቅሎች ዝርዝር ላድስ ስል የፊርማ ስህተት መጣ፤ ፊርማው ጥቅሎቹ ከአዘጋጆቹ መምጣታቸውን ማረጋገጫ ነው። ምክንያቱን ማግኘት ምሽቱን በላው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የካሊ አዘጋጆች ጥቅሎቻቸውን የሚፈርሙበትን የቀድሞ ቁልፍ መጠቀም እንደማይችሉ አስታውቀው በአዲስ ቁልፍ ተክተውታል። የእኔ ቅጂ ከዚያ በፊት የወጣ ስለሆነ አዲሱን አያውቀውም። መፍትሔው አዲሱን የቁልፍ ፋይል በእጅ አውርዶ፣ የታተመውን ሃሽ አመሳክሮ፣ በቦታው መተካት ነው። መረብ ላይ ያገኘኋቸው ብዙ ምክሮች ግን የፊርማ ምርመራውን አጥፍተህ እለፈው ይላሉ። የደኅንነት ትምህርት ለመጀመር ደኅንነቱን ማጥፋት! አልተከተልኳቸውም።

ሙሉ ማሻሻያውን ሳየው ከ1 ጊጋባይት በላይ ይጠይቃል። ተውኩት። የሚያስፈልጉኝ ኤንማፕ (በማሽን ላይ ክፍት የሆነውን ፈላጊ)፣ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ትራፊክ ማያ) እና ጆን ዘ ሪፐር (የይለፍ ቃል መስበሪያ) አሉበት፤ ለጊዜው ይበቃል።

ጥቅምት አጋማሽ፤ ራም

በ4 ጊጋባይት ላይ ዊንዶውስና ካሊ አብረው አይኖሩም። ለካሊ 2 ጊጋባይት ስሰጠው ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን ማኘክ ይጀምራል፤ መዳፊቱ እንኳ በስንት ጉትጎታ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኅቴ ከመርካቶ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋባይት ራም በ1,500 ብር ገዝታ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ስሰካው ማሽኑ ጮኸ እንጂ አልተነሣም። ላፕቶፑ የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው፤ የመጣው በ1.5 ቮልት የሚሠራው ተራው ዲዲአር3። በመልክ አይለያዩም፣ ልዩነቱ ተለጣፊው ወረቀት ላይ ነው። ሻጩ ያለክርክር ቀየረላት፤ ለመላኪያ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። አሁን 8 ጊጋባይት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፤ ኔትወርኩን መዝጋት

ሜታስፕሎይተብል 2 ቀላል ነው፤ 512 ሜጋባይት ራም ይበቃዋል፣ መስኮት የለውም፣ ጥቁር ተርሚናል ብቻ። አስነሣሁትና አድራሻውን ሳየው ከዶርሙ ራውተር የመጣ አድራሻ ይዟል። የኔትወርክ ካርዱ ብሪጅድ ላይ ነበር ማለት ነው። በብሪጅድ ቨርቹዋል ማሽኑ እንደ ማንኛውም ስልክና ላፕቶፕ ራሱን ችሎ ኔትወርኩ ውስጥ ይቀመጣል። በሌላ አነጋገር፣ በዓለም ላይ በቀላሉ ከሚሰበሩ ማሽኖች አንዱ ለሕንፃው ሁሉ ተከፍቶ ተቀምጧል። የዶርም ጓደኛዬ በስልኩ ብሮውዘር አድራሻውን ጻፈ፤ ገጹ ተከፈተለት። ወዲያው አጠፋሁት።

ሁለቱንም ማሽኖች ወደ ሆስት ኦንሊ ቀየርኳቸው። ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ በነባሪ የሚጠቀመው 192.168.56.0 የሚለውን ክልል ነው፤ ማሽኖቹ እርስ በእርስና ከላፕቶፑ ጋር ይነጋገራሉ፣ ወደ ውጭ አይወጡም። ካሊ አንዳንዴ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልገው ሁለተኛ ካርድ ናት በሚባለው ስልት (በላፕቶፑ በኩል ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣ) ጨመርኩለት፤ እየፈተሽኩ ሳለ ግን ገመዱ ተነቅሏል የሚለውን ምልክት አደርግበታለሁ። ከሜታስፕሎይተብል ወደ ውጭ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል የሙከራ መልእክት) ብልክ መልስ የለም። ጓደኛዬም በስልኩ ደግሞ ሞከረ፤ አልከፈተለትም። አሁን ሥራ መጀመር ይቻላል።

ኅዳር መጀመሪያ፤ ፖርቶች

ፖርት ማለት አንድ አገልግሎት የሚገኝበት፣ ቁጥር ያለው የማሽኑ በር ነው። ኤንማፕ ምንም ካልተነገረው ካሉት 65,535 የቲሲፒ ፖርቶች ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸውን 1,000 ብቻ ያያል። ሜታስፕሎይተብል ላይ 23 ክፍት አገኘ። የስሪት መለያ አማራጩን ስጨምርበት ከየፖርቱ ጀርባ ምን እንደተቀመጠ ዘረዘረ፦ 21 ላይ ኤፍቲፒ (ፋይል ማስተላለፊያ)፣ 22 ላይ ኤስኤስኤች (በምስጠራ ከርቀት መግቢያ)፣ 23 ላይ ቴልኔት (ያለ ምስጠራ ከርቀት መግቢያ)፣ 80 ላይ ድረ ገጽ፣ 3306 ላይ ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ)። 1524ን በኔትካት (ከፖርት ጋር በቀጥታ መገናኛ መሣሪያ) ስነካው ያለ ምንም ጥያቄ የአስተዳዳሪ ተርሚናል ሰጠኝ። ይህ ቀዳዳ አይባልም፤ በሩ ጭራሽ የለም።

21 ላይ ያለው የኤፍቲፒ ሰርቨር ቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 ነው። ለዚህ በሜታስፕሎይት (የተዘጋጁ ጥቃቶች መሞከሪያ ፕሮግራም) ውስጥ የተዘጋጀ ሞጁል አለ፤ ሦስት መስመር ጽፎ ኤንተር መምታት ነው። ሠራሁት፣ የአስተዳዳሪ መብት አገኘሁ፣ ምን እንደተደረገ ግን አልገባኝም። ስለዚህ ሞጁሉን ትቼ በእጅ ሞከርኩት። በኔትካት 21 ላይ ገብቼ፣ የማይኖር የተጠቃሚ ስም ጽፌ መጨረሻው ላይ :) የሚለውን የፈገግታ ምልክት ጨመርኩ፤ የይለፍ ቃሉም የሆነ ያልሆነ ነገር። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሌላ ተርሚናል ኤንማፕን ሳስነሣ ቀድሞ ዝግ የነበረው 6200 ተከፍቷል። እሱን በኔትካት ስነካው ተርሚናሉ መጣ።

ታሪኩን ሳነብ የበለጠ ደነቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህ ስሪት የምንጭ ኮድ ፋይል በራሱ ዋና ማውረጃ ቦታ ላይ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) በተጨመረበት ፋይል ተተክቶ ነበር። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ስህተት አልሠራም፤ ፋይሉ ነው የተለወጠው። ዲጂታል ፊርማውን ያመሳከረ ሰው እንደማይገጥም ያይ ነበር። ከጥቅምቱ የፍላሽ ፋይል ጋር ያለው ዝምድና አሁን ነው የታየኝ፤ ያኔ ሃሽ ማመሳከሩን ኮርሱን ለማክበር ያህል ነበር ያደረግኩት።

ኅዳር አጋማሽ፤ ጥያቄዎች

ላብ እንዳለኝ ከተሰማ ወዲህ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። የእገሊትን ፌስቡክ ክፈትልን፣ የመምህራኑን ዋይፋይ ስበርልን፣ ውጤት የሚያሳየው ሲስተም ውስጥ መግባት ይቻላል? አንዱማ ለሥራው ምሳ እንደሚጋብዘኝ ቃል ገባ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አንቀጽ 3 በስልኬ አስቀምጫለሁ፤ ሲጠይቁኝ አሳያቸዋለሁ። ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። አንቀጹ ጉዳት ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብሎ አይጠይቅም፤ መግባቱ በራሱ ይበቃል። ሲስተሙ ደካማ ነበርና ለማስጠንቀቅ ነው የሚለው ማመካኛ ብዙ ርቀት የሚወስድ አይመስለኝም።

መምህራችንን በግቢው ኔትወርክ ላይ ኤንማፕን ብሞክረው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ከሌለህ በእኔ ኮርስ ስም እንዳትነካው» አሉኝ። ጠንከር ያለ መልስ ነው፤ ልክም ናቸው። የእኔ ክልል 192.168.56 ነው፤ ከዚያ አልወጣም።

ኅዳር መጨረሻ፤ ዋየርሻርክ

እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ይህ ነው፤ ምንም ነገር ሳይሰብር። ዋየርሻርክ በኔትወርክ ካርዱ የሚያልፈውን ፓኬት ሁሉ ይዞ ያሳያል። መጀመሪያ ሲከፈት ጎርፍ ነው፤ ማጣሪያ ሳይጽፉ ማየት ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ አንድ አድራሻና አንድ ፖርት ብቻ እያስቀረሁ ተመለከትኩ።

ከካሊ ወደ ሜታስፕሎይተብል በቴልኔት ገባሁ። መጀመሪያ ሦስቱ ፓኬቶች፦ እንነጋገር፣ እሺ እንነጋገር፣ ተቀብያለሁ። ስላይዱ ላይ በቀስት የተሣለው ሰላምታ እዚህ ከነቁጥሩ ተቀምጧል። ቀጥሎ የተጠቃሚ ስሙን ስተይብ እያንዳንዱ ፊደል ብቻውን በአንድ ፓኬት ሄደ። የንግግሩን ሙሉ ጅረት አሳይ የሚለውን ስጫን ስሙ ፊደል በፊደል እየተደገመ ተጽፎ አገኘሁት፤ የይለፍ ቃሉ ግን አንዴ ብቻ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። አልተበላሸም፤ ስም ስንጽፍ በስክሪኑ ላይ የምናየው ፊደል ሰርቨሩ መልሶ የላከው ነው፣ ስለዚህ ሄዶ ይመለሳል። የይለፍ ቃሉን ሰርቨሩ አይመልሰውም፣ ስክሪኑም ባዶ የሚሆነው ለዚያ ነው። ከጀርባዬ ለቆመ ሰው የተደበቀው ቃል በገመዱ ላይ ግን ራቁቱን ይሄዳል።

ያንኑ በኤስኤስኤች ደገምኩት። ሰላምታው ያው ነው፣ የፕሮግራሞቹ ስሪት በግልጽ ይታያል፣ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የማይነበብ ነው። ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ምን ያህል ባይት የሚለው ግን አሁንም ይታያል። ምስጠራ ደብዳቤውን ይሸፍናል፤ ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ አይሸፍንም።

ታኅሣሥ፤ የይለፍ ቃል

ካሊ ውስጥ ሮክዩ የሚባል የቃላት ዝርዝር ታምቆ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ ኩባንያ የወጡ ከ32 ሚሊዮን በላይ አካውንቶች የይለፍ ቃል ነው፤ ኩባንያው ሃሽ ሳያደርግ እንዳለ ነበር ያስቀመጣቸው። የተደጋገመው ሲወጣ ከ14 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ ቃላት ይቀራሉ።

የሰው ቃል አልነካሁም፤ ራሴ የፈጠርኳቸውን ሃሽ አድርጌ በጆን ሞከርኩ። የእንግሊዝኛዎቹ ወዲያው ተገኙ። በላቲን ፊደል የተጻፉ የአማርኛ ስሞችና ቃላት ግን ብዙዎቹ አልተገኙም። ፀሐይ የሚለውን ስም ሰው በላቲን ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጽፈዋል። ለአፍታ ተደሰትኩ፣ እኛን አያውቁንም ብዬ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እኛ ዘንድ የይለፍ ቃል ሆኖ የማየው ስም ሳይሆን ስልክ ቁጥር ነው። 09 ብሎ የሚጀምር፣ የቀሩት 8 አኃዞች። ይህ ማለት 100 ሚሊዮን ምርጫ ነው፤ በ07 የሚጀምሩትን ብንጨምር 200 ሚሊዮን። የፈጠርኩትን ቁጥር ፈጣን በሆነው የኤምዲ5 ስልት ሃሽ አድርጌ ለጆን 09ን አስቀምጠህ ቀሪዎቹን 8 ቦታዎች በአኃዝ ሙላ አልኩት። በዚህ አሮጌ ላፕቶፕ፣ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ከግማሽ ደቂቃ በታች ጨረሰ። የቃላት ዝርዝር እንኳ አላስፈለገውም።

ያንኑ ቁጥር ሆን ተብሎ እንዲዘገይ በተሠራው የሃሽ ስልት በቢክሪፕት፣ የወጪ ደረጃውን (የመዘግየቱን መጠን) 10 አድርጌ ሞከርኩ። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 20 ሙከራ ወረደ። 100 ሚሊዮን ለ20 ሲካፈል 5 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ወደ 58 ቀን ነው። አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ፤ ልዩነቱ ድረ ገጹን የሠራው ሰው የመረጠው ስልት ብቻ ነው። እኛ ተጠቃሚዎች ደግሞ የትኛውን እንደመረጠ አናይም።

ስሌቱን ለዶርም ጓደኛዬ ሳሳየው አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ቁጥሬን የሚያውቅ ሰውስ?» ልክ ነው። ስልኩ ውስጥ ቁጥሬ ያለ ሰው 58 ቀን አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያ ሙከራው ነው። ቢክሪፕት ምስጢር ያልሆነን ነገር ምስጢር አያደርግም።

ለራሴ የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን ኪፓስኤክስሲ ጫንኩ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማኅደሩም አንድ ፋይል ስለሆነ ቅጂውን በፍላሽ አስቀመጥኩ። ኢሜይሌ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አበራሁ፣ በአጭር መልእክት ሳይሆን በአፕ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፤ መብራት

ካሊ ጥቅል እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ። ባትሪ የለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጨለመ። ሲመለስ ካሊ አልተነሣም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ የፋይል ሥርዓቱን በእጅ መርምር የሚል መልእክት ብቻ። ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሥርዓት መጠገኛውን) አስነሥቼ የሚጠይቀውን ሁሉ እሺ አልኩት። ተነሣ፣ ግን የዋየርሻርክ ቅጂዎቼ ያሉበት ፎልደር ባዶ ነው።

ከስላይዱ ሦስት ቃላት ተደራሽነት ለእኔ የማይስብ ነበር። ምንም ጠላፊ ሳይኖር የአንድ ወር ሥራ ሲጠፋ ትርጉሙ ገባኝ። ከአሁን በኋላ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ስናፕሾት (የቨርቹዋል ማሽኑ የዚያ ቅጽበት ምስል)፣ የምፈልገው ፋይል ደግሞ ከቨርቹዋል ማሽኑ ውጭ። ስናፕሾት መጠባበቂያ አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ያገለገለ ባትሪ ጠየቅኩ፣ 2,000 ብር አሉኝ። ይቆይ።

ጥር፤ የሚጠበቅ ሰርቨር

መስበር ሰለቸኝ። አሁን የምጠብቀው ነገር ልሥራ ብዬ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04ን በሦስተኛ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጫንኩ። በኤስኤስኤች ብቻ የሚገባበት፣ በቁልፍ (መለያ በሆነ ምስጢራዊ ፋይል) እንጂ በይለፍ ቃል የማይከፈት እንዲሆን።

ቁልፍ ፈጠርኩ፣ አስገባሁ፣ ሠራ። በዋናው የቅንብር ፋይል ውስጥ በይለፍ ቃል መግባትን አይሆንም አልኩና አገልግሎቱን ዳግም አስነሣሁ። ቁልፉ የሌለበት ሌላ ተጠቃሚ ሆኜ ከካሊ ስሞክር የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ አስገባኝ።

ፊደል ስቼ ይሆናል ብዬ ፋይሉን ደጋግሜ አየሁት። ልክ ነው። በመጨረሻ አገልግሎቱ በእውነት እየሠራበት ያለውን ቅንብር እንዲያትም የሚያደርገውን አማራጭ አገኘሁ፤ እሱ በይለፍ ቃል መግባት ይቻላል ይላል። ምክንያቱ፦ ሲጫን ክላውድ ኢኒት የሚባለው ፕሮግራም በንዑስ ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ትቷል፤ በውስጧ ያለው ይቻላል የሚል አንድ መስመር ነው። ዋናው ፋይል ከላይ በኩል ያንን ፎልደር ይጠራል፤ ኤስኤስኤች ደግሞ አንድ ቅንብር ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ነው። የእኔ አይሆንም ዘግይቶ ደረሰ። ትንሿን ፋይል አስተካከልኩ፣ ዳግም አስነሣሁ፣ ከካሊ ሞከርኩ፤ ከለከለኝ።

ስንቱ ሰርቨር እንዲህ ተዘግቷል ተብሎ ተከፍቶ እንደሚያድር አሰብኩ። ፋይሉን ያነበበ ሰው ዝግ ነው ብሎ ይምላል፤ ከውጭ የሞከረ ብቻ ያውቃል።

ፖርቱን ከ22 ወደ ሌላ ስቀይርም ተመሳሳይ ነገር ገጠመኝ። በዚህ የኡቡንቱ ስሪት ፖርቱን የሚይዘው ሶኬት የሚባለው የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ክፍል ስለሆነ እሱም ዳግም መነሣት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ ፖርት መቀየር ጩኸት ይቀንስ እንደሆን እንጂ ጥበቃ አይደለም።

ሎጉን (የሰርቨሩን መዝገብ) ለማየት ለሙከራ ያህል በይለፍ ቃል መግባትን መልሼ ከፍቼ፣ ቃላትን በተከታታይ በሚሞክረው ሃይድራ ከካሊ ደበደብኩት። የማረጋገጫ ሎጉ ወዲያው ሞላ፤ የተሳሳተ ቃል፣ ከዚህ አድራሻ፣ በዚህ ሰዓት። ፌይልቱባን ጫንኩ። በነባሪ ቅንብሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ሃይድራ ቆመ። የማረከኝ ግን ከማገዱ በፊት ያለው ሎግ ነው። ጸጥ ባለ ቀን ምን እንደሚመስል ቀድሜ ስላነበብኩት ጥቃቱ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ያንን ባላውቅ ሁሉም መስመር አስፈሪ ወይም ሁሉም ተራ ይመስለኝ ነበር።

የካቲት መጀመሪያ፤ አሁን ያለው

ወጪ እስካሁን፦ ራም 1,500 ብር ከሁለት መላኪያ ጋር፣ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የኢንተርኔት ጥቅል። ባትሪው አሁንም የለም።

ሜታስፕሎይተብል ውስጥ ያለውን ዲቪዳብሊውኤ ጀምሬያለሁ፤ ለድረ ገጽ ቀዳዳዎች መለማመጃ ነው። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በድረ ገጹ መሙያ በኩል የዳታቤዝ ትእዛዝ ማስገባት) በዝቅተኛው ደረጃ ሠርቶልኛል፣ በመካከለኛው ገና። ኤስኪውኤልን በደንብ ሳያውቁ መቀጠል ስለማይቻል የሁለተኛ ዓመቱን የዳታቤዝ ደብተሬን መልሼ እያነበብኩ ነው።

ምሳ ሊጋብዘኝ የነበረው ልጅ ደግሞ ራሱ መማር እፈልጋለሁ ብሎ መጥቷል። ላፕቶፑ ከእኔ የተሻለ ነው። ሁለቱን ማሽኖች ከዶርሙ ዋይፋይ ውጭ ለማገናኘት ስዊች (ማሽኖችን በገመድ ማገናኛ ሣጥን) ፈልገን ዋጋው ከበደን። የሁለታችንም የኔትወርክ ካርድ ጊጋቢት ስለሆነ ተራ የኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው መሰካት ይበቃል፣ የተገላበጠ ገመድ አያስፈልግም። እሱ ሰርቨሩን ይጠብቃል፣ እኔ ከካሊ እሞክራለሁ፣ ከዚያ እንቀያየራለን። ሁለት ሜትር ገመድ ከኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ተገኝቷል፤ ጫፉን የሚገጥምልን ሰው ሰኞ ይመጣል።